ልጄ ካሜራውን ያስቆመችበት ጠዋት

ከጎንደር የወጣነው ሌሊቱ ለንጋት ሲለቅ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን ያሞቃል፣ ሾፌሩ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል፣ እኔ ሻንጣዎቹን ደጋግሜ እነካለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዷን ይዤ አንዱን ትቼ ነው የወጣሁት። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ የማወራላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው። ልጄ ስመኝ ያኔ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ጋሻው ግን ሚስት አግብቶ ስለነበር ጉዳዩ ለብቻው ይታያል ተባለ። «እናንተ ቅደሙ፣ እሱ ይከተላችኋል» አሉን። እኔም አመንኩ፤ ባላምን ምን አደርግ ነበር?

ጋሻው ዕቃችንን አውቶቡሱ ጣራ ላይ እየጫነ ይቀልድብኛል።

«እማዬ፣ ይኼን ሁሉ በርበሬ ለማን ነው?»

«ለራሴ ነዋ።»

«እስራኤል አገር በርበሬ የለም ያለሽ ማነው?»

«አለ ያለኝም የለም።»

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮታችንን መታ መታ አደረገና፣ «የረሳችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ስመጣ ይዤላችሁ እመጣለሁ» አለን። የቀረን እሱ ነበር። ስመኝ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ የነጠላዬን ጫፍ አፏ ውስጥ አድርጋ ነከሰች፤ ድምፅ እንዳይወጣት። አዘዞን እስክናልፍ ድረስ አልለቀቀችውም።

እኛ ከአይከል በታች ካለች መንደር ነን። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር፣ እኔም ገበያ አብሬያት እሄድ ነበር፤ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ። ወደ እስራኤል የምንሄድበት ተራ ይደርሳል ሲባል መሬታችንንና ጎጇችንን ለዘመድ ትተን ጎንደር ገባን፣ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ አንድ ክፍል ተከራየን። ለክረምቱ ነው ብለን የተከራየናት ቤት ስመኝን ከሕፃንነት እስከ ኮረዳነት አሳደገቻት። ባለቤቴም እዚያው ሲጠብቅ አረፈ።

ስመኝ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ የገባችው በዚያ በመጠበቂያችን ዘመን ነው። መጀመሪያ ያየኋት የጥጥ ጺም ለጥፋ ሽማግሌ ሆና ስትሠራ ነው። አዳራሹ ሳቀ። በልጄ ላይ የሳቁባት መስሎኝ ተነስቼ በነጠላዬ ሸፍኜ ላወጣት ከጀለኝ። ደግሞ ትንሽ ቆይታ በዚያው ጺሟ አንዲት ቃል ዝግ ብላ ተናገረች፣ ያ የሚስቅ ሕዝብ ሁሉ ጸጥ አለ። ምን እንዳለች አሁን አላስታውስም። ያን ጸጥታ ግን አስታውሳለሁ። ከእኔ ማሕፀን የወጣች ልጅ ያን ያህል ሰው ዝም ስታሰኝ ሳይ ፈራሁ፤ ደስታዬም ከፍርሃቱ ጋር ተደባለቀብኝ።

አውሮፕላኑን ሰዎች ሲያወሩት እንደሰማሁት አልፈራሁትም። ደመናን ከላይ ሆኖ ማየት ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ የባለቤቴን ዘመዶች ለመጠየቅ መካነ ብርሃን ሄጄ፣ ደመናው ከእግሬ በታች ገደሉን ሞልቶ እንደ ወተት ተኝቶ አይቻለሁ። ያስፈራኝ የአውሮፕላኑ ሽንት ቤት ነው። ውኃውን ሲስብ ነፍሴን የወሰደ መስሎኝ ጮኼ ወጣሁ፣ ስመኝ እስክንደርስ ሳቀችብኝ።

እዚያ ስንደርስ ያረፍነው ለአዲስ ገቢዎች በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ነው። በአስተርጓሚ የምታናግረኝ አንዲት ጸሐፊ ነበረች፤ ፊቷን ከኮምፒውተሩ አታነሳም።

«ገቨረት፣ ስንት ልጅ አለሽ?» ገቨረት ማለት በእነሱ እመቤት ማለት ነው።

«ሁለት።»

«አንድ ነው የሚታየኝ።»

«ሁለተኛው ጎንደር ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነው።»

«ገቨረት፣ የወለድኩት እኔ ነኝ።»

«ኮምፒውተሩ አንድ ነው የሚለው።»

«ኮምፒውተሩ አላማጠም።»

አስተርጓሚው ይህችን ሳይተረጉም ቀረ። «ሳቭላኑት» አለችኝ፣ ታገሺ ማለቷ ነው። የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ቃሌ እሱ ሆነ፤ ብዙ ጊዜ ስለሚነገረኝ።

እዚህ ክረምትና በጋ ቦታ ተለዋውጠዋል። ዝናቡ ብርዱን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ሐምሌ ላይ በጭቃ የምንዳክርበት ጊዜ እዚህ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ያቃጥላል። አይብ የሚመስል ነገር በዕቃ ይሸጣል፣ በማንኪያ ብቻውን ይበሉታል፣ ጎመን የለው ቅቤ የለው። ደረጃ ላይ የምታገኙት ሰው ሰላም ሳይላችሁ ያልፋል። መጀመሪያ የተቀየሙኝ እየመሰለኝ ምን አድርጌ ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። የመጀመሪያው አከራያችንም ሰላም ያለኝ ሊቆጣኝ የመጣ ቀን ብቻ ነው።

«በረንዳ ላይ ያሰጣሽው ቀዩ ነገር ምንድን ነው?»

«በርበሬ።»

«ጎረቤት ሁሉ ያስነጥሳል።»

«ይማራቸው በልልኝ።»

ስመኝ እያሳቃት ተረጎመችለት። ኋላ ግን አነሳሁት፤ ከቤት ያስወጣናል ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት። እንዲህ ነኝ፣ አፌ ይቀድማል፣ ሆዴ ይፈራል።

ቤት የማጽዳት ሥራ ያዝኩ። ስመኝ ቋንቋውን በአንድ ዓመት ጠጣችው፤ እዚህ ወጣት ሁሉ የሚገባበትን ወታደርነትም ጨርሳ የትወና ትምህርት ቤት ገባች። ስትመረቅ በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሥራ አገኘች። መጀመሪያ የታየች ቀን የአገራችን ሰዎች ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አያ መልካሙ ከፊት ተቀመጡ። አያ መልካሙ የጭልጋ ሰው ናቸው፣ በሰፈራችን ካሉት ሽማግሌዎች የሚከበሩት። ሰው ሲሞትም መርዶ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ አንድ ቤት ሲያመሩ ያየ ሰው ሁሉ ልቡ ይወርዳል።

ጠበቅን፣ ጠበቅን። ስመኝ መወልወያ ይዛ ከግራ መጥታ «እሺ ገቨረት» ብላ በቀኝ ወጣች። በቃ።

አያ መልካሙ ወደ እኔ ዞሩ። «መወልወያ ለመያዝ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ ዓመት የተማረችው? እናቷ በነጻ ታስተምራት ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን፣ ስመኝ ከሁላችንም በላይ። ቢሆንም ድራማው እየቀጠለ ሲሄድ ሥራዋ በዛላት። ያችው ጽዳት ሠራተኛ ስም ወጣላት፣ ቤት ተሰጣት፣ ወንድም ተሰጣት፣ ከዚያም ወንድሟ ሞተባት። የለቅሶውን ትዕይንት ያየ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሱቅ ስሄድ ባለሱቋ ሩሲያዊት እጄን ይዛ «የስመኝ እናት ነሽ አይደል?» ብላኛለች። ደረጃ ላይ ሰላም የማይሉኝ ሰዎች ሰላም ማለት ጀመሩ።

አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? በቴሌቪዥን የማውቀው ቤት ጣራ የለውም። ግድግዳው ከኋላ በእንጨት ተደግፏል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ውኃ የለውም፣ መስኮቱ ውጭ ያለው ሰማይ ጨርቅ ላይ የተሳለ ነው። አንድ ጎልማሳ መሰላል ላይ ቆሞ በውኃ ጎማ ዝናብ ያዘንባል። ከዝናቡ ሥር ልጄ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዝናቡ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ሌላው ሰው ሳንድዊች ይበላል። ያ ሁሉ ውሸት እኛ ሳሎን ሲደርስ እውነት መሆኑ ገርሞኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። ዓለምን ሲፈጥሩ ከጓሮ ገብቼ ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ባለ ጺም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጁን ሲያነሳ ዝናቡ ይቆማል፣ ሲያወርድ ይዘንባል።

«እሱ ማነው?»

«ዳይሬክተሩ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ሌላው ምን እንደሚሠራ ይናገራል።»

«ደግ ሥራ ነው» አልኩ፤ ለሌላ ሰው ማለቴ ነበር እንጂ ለእሷ አልነበረም።

ስለዚህ ሰንበትበት ብላ «እማዬ፣ ድራማውን ልተወው ነው፣ ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ» ስትለኝ የታመመች መሰለኝ።

«ምነው ልጄ? ፊትሽን ሰው ገና አሁን ማወቁ ነው። ከካሜራ ኋላ ስትቆሚ ማን ያይሻል?»

«ማንም አያየኝም። እኔ አያለሁ።»

«ባለ ጺሙ ከፋብሽ?»

«አልከፋብኝም። የለቅሶውን ትዕይንት ስንሠራ የነጠላውን ጥለት ወደ ታች አድርገው አለበሱኝ። በለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ነው አልኩት። ማን ያውቅብናል አለኝ።»

«ለአንድ ነጠላ እንጀራሽን ትተያለሽ?»

አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ አንቺ የብዙ ሰው ቤት ታጸጃለሽ። ማን ጓዳውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ማን ልጁን እንዴት እንደሚቆጣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አሳምሬ።»

«ባለቤቶቹስ አንዳቸው የሌላቸውን ጓዳ ያውቃሉ?»

«ከየት አባታቸው።»

«ዳይሬክተርም እንደዚያ ነው። ሌላው ዳይሬክተር ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ አያይም። ተዋናይ ግን በሁሉም ፊት ይቆማል። ማን እየጮኸ እንደሚያሠራ፣ ማን እየለመነ፣ ማን ሰውን አድክሞ እንደሚያስለቅስ እኔ በገላዬ አውቀዋለሁ። አብዛኞቹ ተዋናዮች ኋላ ወደዚያ የሚሻገሩት ሰው ማዘዝ አምሯቸው እንዳይመስልሽ። ብዙ ቤት ስለገቡ ነው።»

ይህን ስትለኝ ፍርሃቴ ባይለቀኝም ገባኝ። እኔም ስንቱን ቤት ስጠርግ፣ ይኼ የእኔ ቢሆን አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞረው ነበር ብያለሁ።

እንዳለችው አደረገችው። ሥራውን ተወች፣ ለብዙ ጊዜም ያለ ሥራ ቆየች፤ አያ መልካሙም «መወልወያውን መለሰች?» ይሉኛል። ኋላ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አጭር ፊልም እንድትሠራ ፈቀደላት። ታሪኩ የእኛ ነው፦ አንዲት እናት ናት፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘውላት ይመጣሉ። ልጇ ነው የሞተባት፣ አገር ቤት የቀረው። ለቀረጻ የተሰጣት አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ካልሆነላት ለሌላ ዳይሬክተር ይሰጣል።

እናቲቱን የምትሠራ ተዋናይ ፈልጋ አጣች። ያገኘቻቸው እዚህ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ሁሉም በሩ ሲከፈት ይጮኻሉ። መርዶ ደርሶባት የሚያውቅ አንዲትም የለችም። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ዓይኗን ሰብራ፣ «እማዬ፣ አንቺ ብትሠሪውስ?» አለችኝ።

ጉርሻዬ ከእጄ ወደቀ። «ወንድምሽ በሕይወት ሳለ? እኔ ጋሻውን እዚያ ትቼ፣ ልጇ የሞተባት እናት ሆኜ ልቀመጥ? ሟርት አይሆንም ወይ?»

«ስም አይጠራም።»

«ባይጠራስ። እኔ የማስበው ማንን ነው?»

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ የቆመን ሰው ማልቀስ ምን እንደሚጠራ። ጋሻው ተራው ገና አልደረሰም፤ ያን ጊዜም ወገቡን ያመው ነበር፣ በስልክ «ደህና ነኝ» ይለኛል፣ እኔ ግን ድምፁን እያገላበጥኩ ስመረምር እውላለሁ። የሰማይ አምላክ በእኔ ላይ ምን ያህል ትዕግሥት እንዳለው አላውቅም፤ በገዛ አፌ ልፈትነው አልፈልግም አልኳት።

ስመኝ አልለመነችኝም። ሲነጋ ግን ቡና ቁርሴን ስይዝ አጠገቤ መጣች። «አታለቅሺም» አለችኝ። «ሞተ የሚል ሰውም የለም። ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፣ አንቺ ግቡ፣ ተቀመጡ ትያቸዋለሽ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ሰው ሁሉ ተቀምጦ ካበቃ በኋላ ነው አይደል? ስለዚህ ወንበር ታመጪላቸዋለሽ። አንዱ ሲቀመጥ ለሌላው ታመጪለታለሽ። እናቲቱ ገብቷታል፤ ግን የቆመ ሰው እስካለ ድረስ አይናገሩም። የመጨረሻው ሰው ሲቀመጥ ፊልሙ ያልቃል።»

ልጄን አየኋት። ይህን ከየት አመጣችው? እኔ በእድሜዬ ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ፤ አንዲት እናት ወንበር ስታበዛ አይቻለሁ፣ «እንዴት እንግዳ ተቀባይ ናት» ብዬ አልፌያለሁ። እሺ አልኳት።

ለሽማግሌነቱ አያ መልካሙን አመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር። ቀረጻው በራሳችን ቤት ሆነ። ካሜራና መብራቱ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ነው፤ መኪኖቻቸውን እንዳይታዩ ከሕንፃው ጀርባ አቁመዋል። ጎረቤት እንዲያውቅ በዕብራይስጥ የተጻፈ ማስታወቂያ ሕንፃው መግቢያ ላይ ተለጥፏል። ያን ማስታወቂያ ግን ለእኛ እናቶችና አባቶች ማን አነበበላቸው? እኔም አላሰብኩት፣ እሷም አላሰበችው።

ሊጀመር ሲል እጇን አነሳች። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽቦ የሚጎትተው፣ መብራት የያዘው፣ ፀጉሬን የምታበጥረው፣ ባንዴ ጸጥ አለ። ያን የጎንደሩን አዳራሽ ጸጥታ አወቅሁት። አሁን ግን በቃልም አልነበረም፣ በእጇ ብቻ ነው። በሩን ከፈትኩ።

አያ መልካሙ ቆመዋል፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው ለብሰዋል። ቀልደኛው ሰውዬ የት እንደሄዱ አላውቅም። «እንደምን አደርሽ?» አሉኝ፣ ዓይኔን አላዩኝም። ግቡ አልኩ። ወንበር ሳብኩላቸው። ለሁለተኛው ሳብኩ። ሦስተኛው ሊገቡ ሲሉ ከደረጃው በታች የሴት ድምፅ ተነሳ።

«ወየው ጋሻዬ! ወየው የእኔ ልጅ!»

እቴ ጥሩነሽ ነበረች፣ ከማዶ ሕንፃ የምትኖረው ጎረቤቴ። አያ መልካሙ በዚያ ሰዓት ነጠላቸውን እንደዚያ አድርገው ወደ ቤቴ ሲወጡ በመስኮት አይታ፣ ሌላውንም ቀስቅሳ ተከትላቸዋለች። የእኔ የሚሞትብኝ ማን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ደረታቸውን እየመቱ ደረጃውን ሞሉት።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ጊዜ የታየኝ ሌላ ነው። ታውቃላችሁ፣ የእኛ ሰው መርዶ ሲያረዳ አታልሎ ነው የሚሰበስባችሁ። ዘመድ ታሟል ይላችኋል፣ ሽምግልና አለ ይላችኋል፣ ቤታችሁ እንድትቆዩ፣ ሰው አጠገባችሁ እንዲኖር። ልጄ ፊልም ያለችው ለዚህ ነው አልኩ። ጋሻው ሞቷል፣ መንገሩ ከብዷት ይህን ሁሉ ካሜራ ሰበሰበች። ለዚህ ነው አታለቅሺም ያለችኝ። ለዚህ ነው እውነተኛውን መርዶ ነጋሪ ያመጣችው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ገጠመልኝ፣ ወንበሩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ካሜራ የያዘው ልጅ ከልቡ ደስ ብሎታል፤ ሰዎቹን ስመኝ ያመጣቻቸው መስሎታል። ወደ ፊቴ ቀረበ። ከጣቢያው የመጣች ሴትዮም ከኋላ አውራ ጣቷን ታሳያለች። ስመኝ አየችኝ። ከዚያ ሮጣ መጥታ መዳፏን ካሜራው ዓይን ላይ ደፈነችው።

«ቁም» አለች።

«አበድሽ? እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አናገኝም» አለች የጣቢያዋ ሴትዮ።

«ትወና አይደለም» አለች ስመኝ። መሬት ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስልኳን እየነካካች «አለ፣ እማዬ፣ አለ፣ ቆይ፣ አለ» ትለኛለች። ስልኩ ጠራ። ጠራ። ደግሞ ጠራ። ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ሃሎ? ምነው በጠዋቱ?» አለ ጋሻው፣ እንቅልፍ ባፈነው ድምፅ።

እቴ ጥሩነሽ ስልኩን ከእጃችን መንትፋ «አለህ እንዴ አንተ?» አለችው፤ እሱም «ምነው፣ የት ልሂድ?» አላት። ደረጃው ላይ ያለው ለቅሶ ወደ ሳቅ፣ ሳቁ ደግሞ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሁሉም ስልኩን እየተቀባበሉ ሰላም አሉት፤ ነገሩ ምን እንደሆነ የነገረው ሰው ግን የለም፤ ማን ደፍሮ ይንገረው?

ስመኝ ወስዳ ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝ፣ ውኃ አጠጣችኝ።

«ያቺ ሴትዮ ፊልሙን ልትነጥቅሽ ነው» አልኳት።

«ትንጠቀኝ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የድራማው ለቅሶ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

«ሁሉም ያለቀሰበት?»

«እውነቴን ነበር ያለቀስኩት። ጋሻው ታየኝና ለቅሶው አልቆምም አለኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ባለ ጺሙ ያፌ፣ ያፌ ይላል፣ ግሩም ነው ማለቱ ነው። ኦድ ፓአም ይላል፣ ድገሚው። ይቺ ልጅ ምን ሆነች ብሎ ካሜራውን የሚያቆም አንድ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አላቆመም። መጥፎ ሰዎች አይደሉም፣ እማዬ፤ ማናቸውም ግን እዚያ ቆመው አያውቁም። ማቆም የሚችለው ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር የፈለግሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።»

እኔ ያን ትዕይንት ስንቴ አይቼዋለሁ። ጎረቤት ጠርቼ፣ ምን ትመስላለች በሉ ብያለሁ። አሁን ልጄን ሳያት ትልቅ ሰው ሆናብኛለች፣ እኔ የማላውቀው አገር ሄዳ የተመለሰች።

ተነሳሁ። «በይ እንሥራው» አልኳት።

«ተይው፣ እማዬ።»

«ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሁን አልፈራም። ሌላ ቀን ግን እፈራለሁ።»

እሷም ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፣ እውነት መሆኔን እንደምትመረምር። ከዚያ ጎረቤቶቹን ሰበሰበች። ማንንም አላባረረችም። «በመጣችሁበት ልብስ ከአያ መልካሙ ኋላ ግቡ፣ አታልቅሱ፣ እንድትቀመጡ ስትለምናችሁ ብቻ ተቀመጡ» አለቻቸው። አያ መልካሙ በትራቸውን አንስተው ወደ ደረጃው ሲወርዱ፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን መርዶ ሳደርስ ድገመው ያለኝ ሰው የለም» አሉ።

ሠራነው። ወንበር አለቀ፣ ሳጥን አመጣሁ። ሳጥን አለቀ፣ ትራስ መሬት ላይ ዘረጋሁ። ሰው ይገባል፣ እኔ መቀመጫ እፈልጋለሁ። እቴ ጥሩነሽ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ፣ ተቀመጪ ስላት ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። ማንም እምቢ በይ አላላትም፤ ከራሷ ነው። ወገኔ፣ የሆዴን እንዴት አወቀች? በመጨረሻ ግን ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ስመኝ እጇን አወረደች። ካሜራ የያዘው ልጅ ፊቱን በክንዱ ይጠርግ ነበር።

ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየ ሰሞን ጋሻው ጎንደር ሆኖ በጓደኛው ስልክ አየው። ደወለልኝ። ይቆጣኛል፣ ምነው በቁሜ አለቀስሽኝ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

«ሸጋ ነው» አለኝ። ከዚያ፣ «ቤታችሁን አየሁት» አለ። «በሩን አየሁት፣ ሳሎኑንም። ሰዎቹ ሲገቡ አብሬያቸው የምገባ መስሎኝ ነበር። ትራሱን ያመጣሽው ከየት ነው?»

«ከመኝታ ቤት።»

«እሱ አይታይም። በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ስትዞር።»

«ከዚያ ቀጥሎስ?»

«የስመኝ ክፍል።»

«ከዚያስ?»

«ወጥ ቤት። መስኮት አለው።»

«መስኮቱ ምን ያሳያል?»

«የማዶውን ሕንፃ ግድግዳ። ልብስ ይሰጣበታል።»

«ሸጋ ነው። ከዚያስ?»

ቤታችን ትንሽ ናት። እሱ መጠየቁን ሳይጨርስ ክፍሎቹ አለቁብኝ።